31 ጎል የተቆጠረበት በረኛ፦ ከኒኪ ሳላፑ ሕይወት ለእኛ ታዳጊ በረኞች ምን ይወሰዳል?

ሱሉልታ ታዳጊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ በረኛ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል።

ቡድኑ ሱሉልታ ነው፣ ከ17 ዓመት በታች። በረኞቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ 15 ሌላው 16 ዓመቱ ነው። ሜዳው አንግሉ ፊት ጠጠር፣ መሐሉ ሣር ነው። ያለን 6 ኳስና 2 ጥንድ ጓንት ነው። ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ከ10 ሰዓት እስከ 11 ተኩል። የበረኛ አሰልጣኝ የለም። በአቅም ከሚበልጡን ቡድኖች ጋር ስንገጥም 7 እና 8 የሚቆጠርበት ቀን አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ልጁ ኳስ ሲመጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይጀምራል።

ለሁለቱ ልጆች የአሜሪካን ሳሞአውን (በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች የአሜሪካ ግዛት ናት) በረኛ የኒኪ ሳላፑን የኳስ ሕይወት ላስተምራቸው አስቤያለሁ። ግን ሰው ሁሉ የሚያወራው እየቅል ነው። 31ዱ ጎል እንዴት ገባ? የበረኛው ጥፋት ምን ያህል ነበር? ከዚያ በኋላ ቡድኑ እስካሸነፈበት ቀን ድረስ ያለው መንገድ ምን ይመስላል? ደግሞስ የደካማ ቡድን በረኛ ልምምዱ ከጠንካራ ቡድን በረኛ ይለያል ወይ? ቁጥርና ቅደም ተከተል ያለው መልስ ብታገኙልኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የቆየ መዝገብ

ኮች፣ ታሪኩን ከነቀኑ ላስቀምጥልህ። ለልጆች ሲነገር ተዘሎ የሚታለፈው ክፍል ዋናው ክፍል ነው።

ጨዋታው የተደረገው እ.ኤ.አ. አፕሪል 11 ቀን 2001፣ በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ አውስትራሊያ ውስጥ ኮፍስ ሃርበር በምትባል ከተማ ነው። አሜሪካን ሳሞአ ከአውስትራሊያ ጋር ያደረገው የ2002 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ሳላፑ ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነው። እረፍት ሲወጡ 16 ለ 0፣ ሲያልቅ 31 ለ 0። አርቺ ቶምፕሰን ብቻውን 13፣ ዴቪድ ዝድሪሊክ 8 አግብተዋል። የሜዳው ሰሌዳ እንኳ ተሳስቶ 32 ብሎ ነበር፤ በኋላ ተቆጥሮ ነው 31 የሆነው። ለ90 ደቂቃ ስታካፍለው በየ2 ደቂቃ ከ54 ሴኮንዱ አንድ ጎል ማለት ነው።

ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ቡድኑ ሜዳ ከመግባቱ በፊት በወረቀት ተሸንፏል። ፊፋ የአሜሪካ ፓስፖርት የሌለው ተጫዋች ለአሜሪካን ሳሞአ መሰለፍ አይችልም ብሎ ወሰነ። ከዋናው ስብስብ ይህን ያሟላው ሳላፑ ብቻ ሆነ። ከ20 ዓመት በታች ያሉትን እንዳይወስዱ፣ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ነበሩ። በመጨረሻ የተሰበሰበው ቡድን አማካይ ዕድሜ 18 ነበር፤ ሦስቱ ገና የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። 90 ደቂቃ ሙሉ ተጫውተው የማያውቁ ነበሩበት። ስለዚህ የበረኛው ጥፋት ነው ወይ ላልከው፣ ከፊቱ ተከላካይ የሚባል ነገር ያልነበረውን በረኛ በጎል ብዛት መመዘን ልክ አይደለም።

ይህን ለልጆቹ በቁጥር አሳያቸው። በዚያ ማጣሪያ አሜሪካን ሳሞአ በ8 ቀን ውስጥ 4 ጨዋታ አድርጓል። ፊጂ 13፣ ሳሞአ 8፣ አውስትራሊያ 31፣ ቶንጋ 5፤ ድምሩ 57። አውስትራሊያ ከዚያ ጨዋታ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቶንጋን 22 ለ 0 አሸንፎ ስለነበር የአቅም ልዩነቱ የአንድ ደሴት ብቻ እንዳልነበር ይታያል። ከ31ዱ በኋላ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ 5 ብቻ ነው የተቆጠረው። ያው ቡድን፣ በ3 ቀን ልዩነት።

ሳላፑ ጓንቱን አልሰቀለም። ኑሮው ወደ አሜሪካ ሲያትል ቢዞርም፣ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጠራ መጣ። አሰልጣኙ ቶማስ ሮንገን ነበር፤ በትውልዱ ሆላንዳዊ፣ የአሜሪካን ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነ ሰው ነው። ከጨዋታው በፊት ያገኘው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። አሜሪካን ሳሞአ በፊፋ ደረጃ መጨረሻ ላይ ነበረች። ኖቬምበር 22 ቀን 2011 (2004 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት) ሳሞአ አፒያ ላይ ቶንጋን 2 ለ 1 አሸነፉ። ራሚን ኦት በ43ኛው፣ ሻሎም ሉአኒ በ74ኛው አገቡ፤ ቶንጋ በ88ኛው አንድ መለሰች። ከዚያ ከኩክ ደሴቶች ጋር 1 ለ 1፣ በሳሞአ ደግሞ በ90ኛው ደቂቃ በገባ ጎል 1 ለ 0 ተሸነፉ። በ3 ጨዋታ የተቆጠረበት 3 ጎል ብቻ ነው። 57 እና 3ን ጎን ለጎን ጻፍላቸው።

ሁለት እርማት ልጨምር። አንዳንዱ "አውስትራሊያን ተበቀለ" ይላል፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ እስያ ኮንፌዴሬሽን ሄዳለች። ሌላው "የመጀመሪያ ድላቸው" የሚባለው ፊፋ በሚመዘግበው ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ዋሊስና ፉቱናን 3 ለ 0 አሸንፈው ነበር።


አንድ ቁጥር ማልያ (የበረኛ አሰልጣኝ፣ ሰበታ)

የቆየ መዝገብ ታሪኩን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ወደ ልምምዱ ልሂድ።

አዎ ኮች፣ ይለያል። ጠንካራ ቡድን ውስጥ ያለ በረኛ በ90 ደቂቃ የሚያድነው ጥቂት ስለሆነ ችግሩ ትኩረቱን ጠብቆ መቆየት ነው። የደካማ ቡድን በረኛ ግን አንድ ኳስ መልሶ ገና ሳይነሳ ሁለተኛው ይመታበታል፤ አጥቂ ብቻውን ይመጣበታል፤ ከመስመር ወደ ኋላ የተቆረጠ ኳስ ይመጣበታል። ስለዚህ የሱ ልምምድ ሦስት ነገር ነው፦ ወድቆ ቶሎ መነሳት፣ አንድ ለአንድ፣ ቦታ አያያዝ። በእግር መጫወቱና ረጅም ውርወራው ይቆይ። ካለህ 90 ደቂቃ በረኞቹን ለ45 ደቂቃ ለብቻ ውሰዳቸው፣ ቀሪውን ከቡድኑ ጋር።

መጀመሪያ መውደቂያ ሥራላቸው። ጠጠር ላይ የሚለማመድ ልጅ መውደቅን ስለሚፈራ እግሩን እየዘረጋ ያድናል፤ ልማዱም ሣር ላይ ይከተለዋል። ወደ ኋላ ያፈገፍጋል ያልከውም ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቦታ 25 ሳንቲሜትር ቆፍረህ በሰጋቱራ ሙላው። 2 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ ባለ 100 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ከያዝክ ከ15 እስከ 17 ጆንያ ይፈልጋል። እንጨት ቤቶች ቆሻሻ ስለሆነባቸው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ፤ የሚከፈለው የጋሪ ነው። ከመጨመርህ በፊት በወንፊት አበጥረው፤ ሚስማርና ስንጥር አይጠፋውም። በሳምንት ውስጥ ይረግጥና ይጠቀጠቃል፣ ስለዚህ 3 ጆንያ አትርፈህ አስቀምጥ፤ ከልምምድ በፊት በመኮትኮቻ አገላብጠው። ክረምት ሲገባ በሸራ ካልሸፈንከው ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል፣ ከጭቃም ይብሳል።

የመውደቁ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከተቀመጡበት ወደ ጎን 10፣ በጉልበት ቆመው 10፣ ቁጢጥ ብለው 10፣ ቆመው 10። እያንዳንዱ ግማሹ በቀኝ ግማሹ በግራ። መሬት የሚነካው ተራ በተራ ነው፦ የባት ጎን፣ የጭን ጎን፣ ዳሌ፣ የጎን አጥንት፣ ትከሻ። ክርንና ጉልበት ቀድሞ ከነካ ስህተት ነው። ስህተቱ የሚመጣው ልጁ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኳሱን ከሰውነቱ መስመር ግማሽ ሜትር ወደ ፊት አስቀምጥለት፣ ወደ ፊት በሰያፍ ካልሄደ አይደርስበትም። ወደ ደካማው ጎን (አብዛኛው ልጅ ግራው ነው) ሁለት ጊዜ እጥፍ አትሥራ፤ እኩል ሥራ፣ ግን በደካማው ጀምር፤ ሳይደክም።

ቀጥሎ ወድቆ መነሳት። አንድ ኳስ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይመታል፣ እሱን እንደመለሰ ሁለተኛው በስተግራ ይላካል። አንድ ስብስብ 4 ኳስ ነው፣ ከ8 እስከ 10 ሴኮንድ ይፈጃል፣ እረፍቱ 50 ሴኮንድ። 5 ስብስብ ለአንድ ቀን ይበቃል። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ እረፍቱን ወደ 15 ሴኮንድ ያሳጥርና "ጽናት" ይለዋል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ትንፋሽ ሳይመለስ ሲቀጥል ልጁ የሚማረው እግር እየጎተተ መውደቅን ነው። ሲነሳ በመዳፉ ሳይሆን በጡጫው ወይም በክንዱ መሬቱን ገፍቶ ይነሳ፤ መዳፉን ተደግፎ የሚነሳ በረኛ ጓንቱ በአንድ ወር ያልቃል።

ለቦታ አያያዝ ገመድ ይበቃሃል። ሁለት ባለ 20 ሜትር ገመድ ከሁለቱ ቋሚ ብረት እሰርና ጫፎቹን ኳሱ ላይ አገናኛቸው። ኳሱን ከአንግሉ 16 ሜትር ላይ አድርግ። በረኛው መስመሩ ላይ ሲቆም የሚጠብቀው 7.32 ሜትሩን በሙሉ ነው። 4 ሜትር ወደ ፊት ሲወጣ በገመዶቹ መካከል የቀረው 5.49 ሜትር ብቻ ነው። ልጁ በዓይኑ ሲያየው ለምን መውጣት እንዳለበት ሌላ ንግግር አያስፈልገውም። ከዚያ ኳሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘዋወርክ መሐል ላይ እንዲቆም አድርገው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ኳሱ ወደ ጎን ሲሄድ ቅርቡን ብረት አቅፎ መቅረት ነው፤ በገመዱ ሲታይ የሩቁ በኩል ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ለአንድ ላይ ሕጉ አንድ ነው። ኳሱ ከአጥቂው እግር ሲርቅ ሩጥ፣ ኳሱን ሲነካ ቁም። አጥቂው ለመምታት እግሩን ሲያነሳ በረኛው በሁለት እግሩ ቆሞ መገኘት አለበት፤ እየሮጠ የተመታበት በረኛ እጁን እንኳ አያወርድም። ከ3 ሜትር በታች ሲቀርብ እጆች ወደ ታች፣ መዳፍ ወደ ፊት፣ ደረት ከኳሱ በላይ። ቀድሞ የተኛ በረኛ ይታለፋል። ከግማሽ ሜዳ ሩጫ ይጀመር፤ በአንድ ቀን ለአንድ በረኛ 8 ጊዜ ይበቃል፣ ሁለቱ በየተራ።

ተከላካዮቹን የሚመራበትን ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ። አራት ቃል ይበቃል፦ "የኔ"፣ "አውጣ"፣ "ግጠመው"፣ "ውጡ"። እንደ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ባሉ ቦታዎች ልጆቹ ኦሮምኛና አማርኛ ይቀላቅላሉ፤ ችግር የለውም፤ ግን ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ካለ ተከላካዩ ለመረዳት የሚያጠፋት ግማሽ ሴኮንድ ጎል ናት። ቃሉን እነሱ ይምረጡት፣ ከመረጡ በኋላ አይቀየር።

አሁን ዋናው፣ ከ8 ጎል በኋላ ያለው ሳምንት። ጎሉን ሳይሆን ኳሱን መዝግብ። አንድ ሰው መስመር ዳር ተቀምጦ ለእያንዳንዷ ጎል ስድስት ነገር ይጻፍ፦ ደቂቃ፣ ኳሱ የተነሳበት (ኮርነር፣ ክሮስ፣ የተከላካይ ስህተት፣ አንድ ለአንድ)፣ የተመታበት ርቀት፣ በረኛው የቆመበት፣ በሰው የተጨረፈ መሆን አለመሆኑ፣ መጨረሻ ላይ "የሚያዝ"፣ "ግማሽ በግማሽ" ወይም "የማይያዝ"። ያዳናቸውንም በተመሳሳይ ይጻፍ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለምሳሌ ከ8ቱ 5ቱ የማይያዙ፣ 2ቱ ግማሽ በግማሽ፣ 1ዷ የምትያዝ ብትሆን፣ የልጁ ሥራ 3 ኳስ ነው። 5ቱ የቡድኑ ናቸው፣ ለተከላካዮቹ ንገራቸው። ማክሰኞ ያቺን 1 የምትያዝ ኳስ ከዚያው ርቀት፣ ከዚያው ማዕዘን 12 ጊዜ መልሰህ ምታለት። ሐሙስ ሁለቱን። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ብቻ ብለኸው ብታልፍ አያምንህም፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ራሱ ይቆጥራል።


ለገጣፎ ፊዚዮ

አንድ ቁጥር ማልያ ባሉት እስማማለሁ፤ በጉዳት በኩል የምጨምረው አለኝ፤ አንዱም መቅረት የለበትም።

ከሁሉ በፊት አንግሉ። ተንቀሳቃሽ የብረት አንግል ከሆነ በኋላው ብረት ላይ በአሸዋ የተሞላ ከ40 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ በሁለቱም ጎን እሰሩበት። ልጆች ይንጠለጠሉበታል፤ ወደ ፊት የወደቀ አንግል ልጅ ይገድላል።

ሰጋቱራው በበጋ ይቦንናል፤ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ በሳፋ እየረጩ ማርጠብ ዓይንንና ሳንባን ያድናል። ጠጠሩ ላይ መውደቅ ግን ዜሮ ይሁን። ለጨዋታ ቀን ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ቁምጣው ውስጥ ዳሌ ላይ ይሰፋ፤ ክርን ላይም እንዲሁ። ወፍራም ከሆነ ዘወር ብሎ ከቦታው ይሸሻል፣ 2 ይበቃል።

በ15 እና በ16 ዓመት የእጅ አንጓ አጥንት ማደጊያው ገና አልተዘጋም። ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት በሙሉ ኃይል የሚመታ ኳስ አንጓውን ወደ ኋላ ይቀለብሰዋል። ለቅርብ ልምምድ በእጅ ወርውሩ ወይም በእግር ውስጠኛ ጎን ምቱ። በተለይ ቅዝቃዜ ባለበት ጠዋት በጣም የተነፋ ኳስ አትጠቀሙ።

ጣት ሲያብጥ ወጌሻ ጋ ወስዶ ማስጎተት አይሆንም። የተሰነጠቀ አጥንት ሲጎተት ይለያያል፤ ወልቆ የተመለሰ መገጣጠሚያ ሲታሽ ጅማቱ ይብስበታል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ከጎረቤት ጣቱ ጋር በፕላስተር ማሰር። ጣቱ ከተጣመመ፣ ወይም ልጁ ራሱ ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው ራጅ ይነሳ። አንድ ለአንድ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ ምንም "ደህና ነኝ" ቢል በዚያ ቀን አይመለስም። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ነገር ከደጋገመ ቀጥታ ሆስፒታል። ለዚህ ሲባል ሁለቱም በረኞች ለእያንዳንዱ ጨዋታ ማልያ ለብሰው ዝግጁ ይሁኑ።


ሱሉልታ ታዳጊ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። እህቴ፣ የአንግሉን ነገር ነገውኑ እናስተካክለዋለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ውድድሩ ወደ ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል እየተባለ ነው። ከዚህ ወደዚያ ሲወርዱ ኳሱ ይለወጥባቸዋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ሰበብ? ሁለተኛ፣ የሳላፑ ቡድን በወረቀት ነው የተሸነፈው ስላላችሁ፣ በእኛ በኩል ከወዲሁ ምን እናዘጋጅ?


አንድ ቁጥር ማልያ (የበረኛ አሰልጣኝ፣ ሰበታ)

ሰበብ አይደለም ኮች፣ እውነት ነው። ሱሉልታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ከድሬዳዋ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 15 ከመቶ ገደማ። የሳሳ አየር ኳስን ብዙም አይዝም፣ ብዙም አያጣምምም። ስለዚህ እዚህ ያደገ በረኛ ዓይኑ የለመደው ፈጥኖ የሚመጣ፣ ብዙ የማይታጠፍ፣ ዘግይቶ የሚወርድ ኳስ ነው። ድሬዳዋ ሲወርድ ክሮሱ ካሰበው ቦታ አጥሮ ይወርድበታል፤ ሊይዘው የወጣበት ኳስ ከፊቱ ለአጥቂው ቴስታ ይመቻል። ቅጣት ምትም ከግድግዳው በላይ አልፎ የበለጠ ይታጠፋል፣ የበለጠ ይወርዳል። በተቃራኒው ከቆላ የመጣ በረኛ እዚህ ከራሱ በላይ ነው የሚገባበት።

መድኃኒቱ የመጀመሪያው ልምምድ ነው። እንደደረሳችሁ ለእያንዳንዱ በረኛ ከቀኝ 10 ከግራ 10 ክሮስ፤ የመጀመሪያዎቹን 5 አይያዝ፣ የሚወርድበትን ቦታ ብቻ ይመልከትና በእግሩ ምልክት ያድርግ። ከዚያ መያዝ ይጀምር። በተጨማሪ 10 ቅጣት ምት ከ20 ሜትር። ለውጡን ሰውነት ቶሎ ይይዘዋል፣ ግን ጨዋታው መሐል ላይ እንዲማረው መተው የለብህም።

ፓምፕና መርፌ ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ የተነፋ ኳስ ታች ሲወርድ የውጪው አየር ስለሚገፋው ከ0.1 አትሞስፌር ትንሽ በበለጠ ይላላል። ሕጉ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 ነው፤ 0.8 ላይ አስተካክላችሁ ተለማመዱ። ከታች የተነፋ ይዛችሁ ስትመለሱ ደግሞ ይጠነክራል፣ ፊዚዮዋ ስለ አንጓ ያሉትን አስታውስ።

ጓንቱም ሁለት ጠላት አለው። እዚህ አቧራ፣ ድሬዳዋ ሙቀት። ከጨዋታ በፊት መዳፉን በውኃ አርጥቦ ሁለቱን ማሻሸት፤ ደረቅ ላቴክስ ላይ አቧራ ሲቀመጥ ይንሸራተታል። ከጨዋታ በኋላ በለብ ያለ ውኃ ያለ ሳሙና ጭቃው እስኪለቅ ማጠብ፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቆ በጥላ ማድረቅ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጓንት ይሰነጠቃል፤ ቦርሳ ውስጥ እርጥብ የተተወ ደግሞ ይሸታል፣ መዳፉም ይላጣል።

ስለ ሰዓትም ልጆቹ ይወቁ፤ ከ2025 ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ ከ8 ሴኮንድ በላይ ከቆየ የሚሰጠው ኮርነር ነው። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሴኮንዶች በጣቱ ይቆጥራል። ወድቆ መነሳት የለመደ በረኛ ትንፋሹን ለመመለስ የሚጠቀምባት ጊዜ ይህች ናት፤ 6 ቆጥሮ ይልቀቅ።


የቆየ መዝገብ

ስለ ወረቀቱ እኔ ልመልስ። የልደት የምስክር ወረቀት ካልወጣላቸው አሁኑኑ ከሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ይውጣ፤ ውድድር ሲቃረብ የሚሠራ ወረቀት ጥያቄ ያስነሳል። ስም በሁሉም ላይ አንድ ፊደል ይሁን፤ በትምህርት ቤት ካርዱ፣ በልደቱ፣ በመታወቂያው። በውጭ ፊደል ሲጻፍም አንዴ የተመረጠው አጻጻፍ አይለወጥ።

ትልቁ ስህተት ያለው ዓመት ሲቀየር ነው። ሰው "8 ጨምር" ብሎ በጅምላ ይቀይራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ልጅ የሚጨመርለት 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ 8። ኅዳር 2002 የተወለደ 2009 ነው፣ የካቲት 2002 የተወለደ ግን 2010። በአንድ ዓመት ስህተት አንድ ልጅ ከዕድሜ ክልሉ ሊወጣ፣ ወይም አጭበረበረ ሊባል ይችላል። ከ17 ዓመት በታች በሆኑ የአፍሪካ ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ይታያል፤ እዚያ የሚደርስ ልጅ ወረቀቱና አጥንቱ እንዳይጣሉበት።

ሁለት በረኛ ስላላችሁ ደግሞ ሌላ የፓስፊክ ምሳሌ። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ታሂቲ ከአንድ ተጫዋች በቀር አማተሮችን ይዞ ብራዚል ሄደ። ናይጄሪያ 6 ለ 1፣ ስፔን 10 ለ 0፣ ኡራጓይ 8 ለ 0። በሦስቱ ጨዋታ ሦስት በረኛ አሰለፉ፤ ዣቪዬ ሳሚን፣ ሚካኤል ሮሽ፣ ዢልቤር ሜሪዬል። የመጨረሻው በዚያ የ8 ለ 0 ጨዋታ ውስጥ የኡራጓዩን ተጫዋች የስኮቲን ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። በውጤቱ ላይ አይታይም፣ በአንድ ቁጥር ማልያ ሰንጠረዥ ላይ ግን "ያዳነው" በሚለው ረድፍ ይገባል። ልጆቹን ማፈራረቁ ሸክሙን ስለሚያካፍል ጥሩ ነው፤ ግን የማፈራረቁ ቀን ከጨዋታው በፊት ይታወቅ። 6 ስለገባበት ብቻ የተቀየረ ልጅ ቅጣት አድርጎ ነው የሚወስደው።

በቅርቡም አለ። በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ሲቲ ጁን 15 በባየርን 10 ለ 0 ተሸነፈ፣ ጁን 24 ከቦካ ጁኒየርስ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። መካከሉ ዘጠኝ ቀን ነው። የቦካ ጎል የተቆጠረው ከኮርነር የተገጨ ኳስ ብረቱን መትቶ በበረኛው ናታን ጋሮው ሰውነት ላይ ነጥሮ ገብቶ ነው።


ለገጣፎ ፊዚዮ

ይህቺን የጋሮውን ጎል ልጆቹ ከየትኛው ረድፍ እንደሚያስገቧት ጠይቋቸው። ብረት መትቶ ከኋላ የመጣ ኳስ ነው፣ "የማይያዝ"።


ሱሉልታ ታዳጊ (ጠያቂ)

ሰንጠረዡን ዛሬ በደብተር አሰመርኩ፤ ያዳኑትንም ጨምሬ። ሰጋቱራው ቅዳሜ ይገባል፣ 17 ጆንያና ትርፍ 3። ወረቀታቸውን አይቼ የአንደኛው ልጅ የትውልድ ወር ጥቅምት ሆኖ 8 እንደተጨመረበት አገኘሁ፤ ሰኞ ከወላጁ ጋር ይሄዳሉ።